አራት ሪፖ ወደ አንድ፦ የማዋሃድ ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ትንሽ ነው፤ ጣጣው ግን አያልቅም። የግዕዝ ቁጥር የሚያነብና የሚጽፍ፣ የእኛን ቀን ከፈረንጅ ቀን ጋር የሚያመሳክር፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እየተቀላቀሉ የተጻፈበትን ጽሑፍ ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ፣ በመጨረሻም ሦስቱንም ከተርሚናል የሚያስጠራ የፓይተን ሥራ አለን። ኦፕን ሶርስ ነው። አራቱም የየራሳቸው ሪፖ (ኮዱ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት ማከማቻ፤ የእኛ በጊት የሚያዝ ነው) አላቸው። ሲጀመር ሐሳቡ ደህና ነበር። ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ሰው የቀን መቁጠሪያ ተሸክሞ ለምን ይሄዳል?

ነገሩ የከረረው በአንድ «፩» ምክንያት ነው። የቁጥር ላይብረሪያችን (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ድሮ 100ን «፩፻» ብሎ ይጽፍ ነበር። መጻፍ ያለበት «፻» ብቻ ነው። ማስተካከያው ሁለት መስመር አይሞላም። ግን ተጠቃሚው የሚያገኘውን ውጤት ስለሚቀይር ቨርዥኑ ወደ 2.0.0 መዝለል ነበረበት። የቀን ላይብረሪው ደግሞ «ቁጥር፣ ከ2 በታች» ብሎ ቆልፏል። የፊደል ላይብረሪው ጽሑፍ ውስጥ የሚያገኛቸውን የግዕዝ ቁጥሮች ስለሚያነብ እሱም በቁጥር ላይ ይደገፋል፤ እሱ ግን ቀድሞ ወደ 2 ተሻግሯል። የተርሚናሉ መሣሪያ ሁለቱንም ይፈልጋል። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ ጫኙ) ሊጭን ሲሞክር አንዱ ከ2 በታች ስጠኝ ይለዋል፣ ሌላው ከ2 ወዲያ። ፒፕ ምን ያድርግ? ኤረር ጽፎ ቁጭ።

ለመፍታት ቀን ላይ ቁልፉን መቀየር፣ ቴስት ማስኬድ፣ ታግ ማድረግ (የቨርዥን ምልክት መለጠፍ)፣ ማውጣት፣ ፓይፒአይ (ፒፕ ፓኬጆቹን የሚያመጣበት ማዕከል) ላይ እስኪታይ መጠበቅ፣ ከዚያ መሣሪያውን እንደገና በዚያው መንገድ ማስኬድ ነው። ቁጥር ላይ ሌላ ነገር ከተነካ ደግሞ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። መሃል ላይ መብራት ወይም ኢንተርኔት ከሄደ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ያድራል።

ስለዚህ አራቱን ሪፖ ወደ አንድ ላመጣ ነው። ፓኬጆቹ ግን አራት ሆነው ይቀራሉ። ይህን ከአሁኑ ማስመር ይሻላል፤ ግሩፓችን ላይ ሳነሳው አንዱ «የቁጥር ላይብረሪው ሊጠፋ ነው እንዴ?» ብሎ ደንግጧል። አይጠፋም። የሚዋሃደው እኛ የምንሠራበት ቦታ ነው። ተጠቃሚው የሚጭነው ባለበት ነው።

ማክሰኞ

እጄን ከመክተቴ በፊት ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ሳገላብጥ ዋልኩ።

ጃቫ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጃቫ ኦፕን ሶርስ ሥሪት የሆነው ኦፕን ጄዲኬ እስከ ጄዲኬ 9 ድረስ በስምንት የሜርኩሪያል (እንደ ጊት የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ነው) ሪፖ ተበትኖ ነበር፤ ሆትስፖት ለብቻው፣ ላንግቱልስ ለብቻው፣ ናሽሆርን ለብቻው። አንድ ባግ ለማስተካከል ሁለት ሦስት ሪፖ መንካት ሲያስፈልግ ለውጡን በአንድ ኮሚት (ሪፖው በአንዴ የሚመዘግበው ለውጥ) ማስገባት አይቻልም። በዚያ መሃል ኮዱን የጎተተ ሰው ግማሽ ለውጥ ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንቱን ወደ አንድ አዋሃዱ። ጄዲኬ 10 ከዚያ ነው የወጣው። እኛ እዚህ በአራት የምንማረረውን እነሱ በስምንት፣ ያውም በዚያ ስፋት ሲሸከሙት ኖረዋል።

የድምፅና የቪዲዮ ሥራ የሚሠራው ጂስትሪመር ለእኔ ይበልጥ ቀረብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዋናውን ክፍልና የፕለጊን ስብስቦቹን ወደ አንድ ሪፖ ሰበሰቡ። ሪሊዝ ሲያወጡ ግን ለየሞጁሉ የተለየ ታርቦል (የታመቀ የኮድ ጥቅል) ማውጣታቸውን አልተዉም። ለሊኑክስ ስርጭቶች ፓኬጅ የሚያዘጋጁ ሰዎች የለመዱትን አላጡም ማለት ነው። የምፈልገው ልክ ይህን ነው።

ተቃራኒውም አለ። የአፓቺዎቹ ሉሲንና ሶልር (የፍለጋ ላይብረሪና በሱ ላይ የተሠራ የፍለጋ ሰርቨር) እ.ኤ.አ. በ2010 ልማታቸውን አዋሃዱ። ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ከርመው በ2021 ሶልር ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነ፤ ሪፖውም ተለየ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። ማዋሃድ በራሱ ጽድቅ አይደለም። አንዱ ላይብረሪ ሌላው አፕሊኬሽን ሲሆን፣ አንዱ ለመውጣት ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ አብሮ መኖሩ ራሱ ሸክም ይሆናል።

የያዝኩት መመዘኛ አብሮ የሚወጣ አብሮ ይቀመጥ የሚል ነው። ከእኛ አራቱ አንዱ ሲነካ ሌሎቹ መነካታቸው አይቀርም። ስለዚህ ይግቡ። ድረ-ገጻችን ግን ውጭ ይቀራል፤ እሱ በፈለገው ሰዓት የሚለወጥ ነገር ነው፣ ከቨርዥን ጋር ጉዳይ የለውም።

ረቡዕ

ቀላሉ መንገድ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ አዲስ ሪፖ ውስጥ መለጠፍ ነው። ታሪኩ ግን ውሃ በላው ማለት ነው።

የቀን ላይብረሪው ውስጥ አንድ መስመር አለ። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት ይላል። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ «ለምን 3? 0 አይደለም እንዴ?» ይላል፤ የፈረንጁን ሕግ ስለለመደ። መልሱ ኮዱ ውስጥ የለም። ያለው መስመሩን ያስገባው ኮሚት መልእክት ላይ ነው፦ ስድስተኛዋ ጳጉሜን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፣ ለማረጋገጥ 2015ን እዩ። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ያኔ ጳጉሜን 6 የዋለችው ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነበር፤ የ2016 መስከረም 1 ደግሞ በማግስቱ ሴፕቴምበር 12። ይህን መልእክት ጥሎ ኮዱን ብቻ ይዞ መሄድ አይሆንም። አንድ ቀን ደግ አስቦ 3ን ወደ 0 «የሚያስተካክል» ሰው ይመጣል።

ታሪክን ይዞ ለማዋሃድ ሁለት መንገድ አየሁ። አንዱ ጊት ሰብትሪ ነው። የድሮውን ሪፖ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስገባልሃል፤ ሃሾቹም (የኮሚቶቹ መለያዎች) አይለወጡም። ችግሩ የድሮ ኮሚቶች ፋይሎቹን በድሮ ቦታቸው ነው የሚያውቋቸው። «የቀን ፎልደር ታሪክ አሳየኝ» ስትለው የመዋሃጃው ኮሚት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው አለ፣ ግን መፈለግ አለብህ።

ሁለተኛው ጊት ፊልተር-ሪፖ ነው። ይህ ታሪኩን በሙሉ እንደገና ይጽፋል፤ ፋይሎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ፎልደር ውስጥ የነበሩ ይመስል። ታሪክ ስትጠይቀው እስከ ጥንስሱ ይወስድሃል። ዋጋው ደግሞ የኮሚቶቹ ሃሽ መለወጡ ነው፤ በዚያ ላይ የተፈረመ ኮሚት ካለ ፊርማው አይሠራም። እኛ ጋ ፊርማ የለም። ፊልተር-ሪፖን መረጥኩ።

ይህ መሣሪያ ጠንቃቃ ነው፣ ወድጄዋለሁ። አዲስ ክሎን (ከነታሪኩ የወረደ የሪፖ ቅጂ) ካልሆነ አልሠራም ይላል። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ «ኦሪጂን» የሚባለውን የርቀት አድራሻ ያነሳዋል፤ የተለወጠውን ታሪክ ሳታስበው ወደ አሮጌው ሪፖ እንዳትገፋው። ለእያንዳንዱ ሪፖ ሁለት ነገር ነው የነገርኩት፤ ሁሉን ወደ ንዑስ ፎልደር አስገባ፣ ታጎቹ ፊት ላይ የፓኬጁን ስም ጨምር። ሁለተኛው ካልተደረገ አራቱም «1.0.0» የሚል ታግ ስላላቸው ሲገናኙ ይጋጫሉ።

የድሮና የአዲስ ሃሾችን ዝርዝር ራሱ ፋይል ላይ ጽፎ ይተውልሃል። ፋይሉን ዶክ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት፤ የሆነ ቦታ የድሮ ሃሽ ጠቅሶ የጻፈ ሰው አይጠፋም። ኮሚት መልእክት ውስጥ የተጠቀሰ ሃሽ ካለም ወደ አዲሱ ይቀይረዋል። የማይነካው የኢሹ (ሪፖው ላይ የሚመዘገብ ችግር ወይም ጥያቄ) ቁጥር ነው። «#14ን ይዘጋል» የሚል መልእክት አዲሱ ሪፖ ውስጥ ሲገባ ወደ አዲሱ ሪፖ 14ኛ ኢሹ ነው የሚጠቁመው። አራት ሪፖ፣ አራት የተለያየ 14። መልእክቶቹን የሚቀይር አማራጭ ስላለው ቁጥሩ ፊት ላይ የድሮውን ሪፖ ሙሉ ስም እንዲጨምር አደረግኩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሳይደረግ ከተገፋ ግን በኋላ የሚመለስ አይደለም።

ሐሙስ

ፊልተር-ሪፖ «አናላይዝ» የሚል አማራጭ አለው። ምንም ሳይነካ ሪፖው ውስጥ ምን ቦታ እንደያዘ ሪፖርት ይጽፋል። የፊደል ሪፖው ውስጥ ድሮ ገብቶ የተሰረዘ የፎንት ፋይልና የታመቀ የቃላት ዝርዝር ተገኘ። ከኮዱ ይልቅ እነሱ ይከብዳሉ። ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ክሎን ማድረግ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ስለዚህ መቀነስ ተገቢ ነው። ፎንቱን አስወጣሁት፤ ምንም ቴስት አይጠቀምበትም። የቃላት ዝርዝሩ ግን የድሮ ታጎች ላይ ቴስት ለማስኬድ ያስፈልጋል፤ እሱ ይቅር።

የሰዎች ስምም ተዝረክርኮ ነው የቆየው። አንድ ሰው በአንዱ ሪፖ በላቲን፣ በሌላው በፊደላችን፣ በሦስተኛው ኢሜይሉ ብቻ። የ«ሜይልማፕ» ፋይል ጽፎ ወደ አንድ መሰብሰብ ይቻላል። ግን የሰው ስም ነው፣ ዝም ብሎ አይነካም። ዲሲ ላለችው ባልደረባችን ቴሌግራም ላይ ጻፍኩላት።

«ስምሽ በሦስት ዓይነት ነው ያለው። በየትኛው ልሰብስበው?»

«በፊደላችን ይሁን። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ግን አውጣልኝ፣ ከለቀቅኩ ቆየሁ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ታጎቹን እንዳትነካቸው ብቻ።»

«ስማቸው ይለወጣል፣ የትኛውም አይጠፋም።»

«እሱን ነው ያልኩህ፤ ሪድሚ ላይ ጻፈው።» የሪፖው መግቢያ ጽሑፍ በሆነው ሪድሚ ላይ ጻፍኩት።

ያልመለሱ አሉ። የእነሱ እንደነበረ ቀረ።

ቅዳሜ

ማዋሃዱ ራሱ ቡና እስኪፈላ አለቀ። ባዶ ሪፖ፣ አራት የርቀት አድራሻ፣ አራት መርጅ። ጊት ከ2.9 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ የጋራ መነሻ የሌላቸውን ታሪኮች አላዋህድም ይላል። «አላው አንሪሌትድ ሂስትሪስ» የሚለውን አማራጭ ስትጨምርለት እሺ ይላል። ሁሉም በየፎልደሩ ስለሆነ ግጭት የሚባል ነገር አልመጣም።

ቀኑን የበላው ቀጥሎ ያለው ነው። ፓኬጆቻችን ቨርዥናቸውን ከጊት ታግ ነው የሚያነቡት፣ ሴትአፕቱልስ-ኤስሲኤም በሚባል መሣሪያ። አሁን የጊት ፎልደሩ ከፓኬጁ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ያንን መንገር ያስፈልጋል። ላፕቶፔ ላይ ሠራ። ጊትሃብ አክሽንስ (ቴስትና ሪሊዝ በራሱ የሚያስኬድልን አገልግሎት) ላይ ሲሄድ ግን ፓኬጁ 0.1 ምናምን የሚል የልማት ቨርዥን ይዞ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ኮዱን የሚያወርደው ደረጃ ካልነገርከው የመጨረሻውን አንድ ኮሚት ብቻ ነው የሚያመጣው። ታግ የለ፣ ታሪክ የለ። ቨርዥን ከምን ያንብብ? «ፌች ዴፕዝ» የሚለውን 0 ስታደርገው ሁሉንም ያመጣል።

ያ ሲስተካከል ሌላ አስቂኝ ነገር ብቅ አለ። የቀን ፓኬጅ የቁጥርን ቨርዥን ለብሶ መጣ። ቨርዥን የሚያነበው መሣሪያ ከኮሚቱ አቅራቢያ ያለውን ታግ ይፈልጋል፤ ስም ተጨምሮበትም ቢሆን መጨረሻው ቁጥር ከሆነ ይቀበለዋል። የማን እንደሆነ አይጠይቅም። መፍትሔው የድሮ ታጎች ስም እንደያዙ ይቆዩ፣ አዲሶቹ ግን በቁጥር ብቻ ይጀምሩ፣ መሣሪያውም በቁጥር የሚጀምረውን ብቻ ይይ ማለት ነው።

ይህ ከሌላ ውሳኔ ጋር ይገጥማል። ከአሁን በኋላ አራቱም አንድ ቨርዥን ይጋራሉ፣ መጀመሪያው 3.0.0። ፊደል ላይ ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ሊያድግ ነው፤ ይህ የማይዋጥላቸው ሰዎች አሉ፣ ይገባኛል። ግን «የትኛው ቀን ከየትኛው ቁጥር ጋር ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ ይቀራል። ለምን 3? ከአራቱ ትልቁ 2 ላይ ደርሷል፤ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። ፓይፒአይ ደግሞ አንዴ የተጫነን ፋይል ብትሰርዘው እንኳ በዚያው ስም ድጋሚ አይቀበልህም።

ቴስቶቹን በየፎልደሩ ለያየናቸው፤ ፊደል ሲነካ የቀን ቴስት እንዳይሄድ። እዚህ ላይ አክሽንስ የራሱ ጠባይ አለው። መርጅ ለማድረግ «የግድ ማለፍ አለበት» ያልከው ቴስት በፎልደር ማጣሪያ ምክንያት ካልተነሳ፣ አለፈ አይባልም፤ በመጠበቅ ላይ እንዳለ ይቀራል። ፑል ሪኩዌስቱም (ይግባ ተብሎ የቀረበው ለውጥ) ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ትንሽ ሥራ መጨረሻ ላይ ጨመርኩ። ሌሎቹን አይቶ፣ የወደቀ ከሌለ አረንጓዴ ይሰጣል። የግድ የሚለውም እሱን ብቻ ነው። ቁጥር ሲነካ ግን ሁሉም ይሂድ አልኩ፣ ሁሉም በሱ ላይ ነውና።

ከመተኛቴ በፊት ሙከራ አደረግኩ። ሆን ብዬ ያቺን «፩» መለስኳት። የቁጥር ቴስት ወደቀ፣ ይጠበቃል። አብሮት የቀን ቴስትም ወደቀ፤ 150 ዓ.ም. ላይ «፻፶» ሲጠብቅ «፩፻፶» አገኘ። በአንድ ፑል ሪኩዌስት፣ በአንድ ገጽ ላይ። ድሮ ይህን የምናውቀው ቁጥር ወጥቶ፣ ተጭኖ፣ ሰው ኢሹ ከፍቶ ነበር። አንጀት ያርሳል።

ሰኞ

ዛሬ የወረቀት ሥራ ዓይነት ነው። ክፍት ኢሹዎችን ጊትሃብ ወደ አዲሱ ሪፖ ያዛውርልሃል፤ የድሮው አድራሻም ወደ አዲሱ ይመራል። ፑል ሪኩዌስት ግን አይዛወርም። ያሉትን አንድ በአንድ «ፎርማት-ፓች» አድርጌ (ኮሚቶቹን ወደ ፋይል ቀይሬ)፣ «ጊት ኤኤም» ላይ ፎልደሩን እየነገርኩ አስገባኋቸው። የሠራው ሰው ስም አብሮ ይመጣል፤ ዋናው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ የድሮው ገጽ ላይ የት እንደሄደ ጻፍኩ።

ፈቃድ ላይ ክርክር ነበር። ሦስቱ ላይብረሪዎች ኤምአይቲ (ላላ ያለ ፈቃድ) ናቸው፣ የተርሚናሉ መሣሪያ ጂፒኤል 3 (ከኮዱ ተነስተህ የምታሠራጨውም በዚያው ፈቃድ ይሁን የሚል) ነው። አንዱ ልጅ «አንድ ሪፖ ከሆነ አንድ ፈቃድ ይሁንና እንገላገል» አለ። አይሆንም። አንድ ሪፖ ውስጥ መቀመጥ የማንንም ፈቃድ አይቀይርም። የጂፒኤሉን ወደ ኤምአይቲ ለመቀየር ኮድ የሰጡትን ሰዎች ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የት እንዳሉ አይታወቅም። ጂፒኤሉን ከላይ ብሰቅለው ደግሞ ቁጥርን በኤምአይቲ ወስዶ የሚጠቀም ኩባንያ ያለ ምክንያት ይደነግጣል። እያንዳንዱ ፎልደር የራሱን የፈቃድ ፋይል ይዞ ቆየ፤ ፓኬጁ ሲሠራም አብሮ እንዲገባ ተደረገ። ሪድሚው ላይ የትኛው በምን እንደሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር።

ረቡዕ ማታ

ሪሊዝ። ዲሲ ሲነጋ እዚህ ይመሻል፤ ሁለታችንም የምንገኝበት ሰዓት ይህ ነው።

ፓይፒአይ ላይ የምናወጣው ያለ ፓስወርድ፣ ትረስትድ ፐብሊሺንግ በሚባለው መንገድ ነው። ያ ደግሞ ከሪፖው ስምና ከአክሽንሱ ፋይል ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ሪፖው ሲለወጥ ፓይፒአይ አያውቅህም። ስለዚህ ለአራቱም ፕሮጀክት አዲሱን ሪፖ ቀድመን አስመዘገብን። ቴስት ፓይፒአይ (የመሞከሪያው ማዕከል) ለብቻው ስለሆነ እዚያም እንደገና። መጀመሪያ እዚያ አወጣን፣ ባዶ አካባቢ ውስጥ ጫንን፣ ሠራ።

ከዚያ 3.0.0 የሚል አንድ ታግ። አራቱ ፓኬጆች አንድ ላይ ተሠሩ፤ ሲወጡ ግን ተራ አላቸው። ቁጥር ይቀድማል፣ ከዚያ ቀንና ፊደል፣ መሣሪያው መጨረሻ። መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ የወጣው ነገር ያልወጣ ነገር የሚጠይቅ እንዳይሆን ነው። አልተቋረጠም። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ጫንነው። 100 ብላ ጠየቀችው፣ «፻» አላት።

አሮጌዎቹን ሪፖዎች ሪድሚያቸውን ቀይረን አርካይቭ አደረግናቸው። ይነበባሉ፣ አይጻፍባቸውም። ብዙ ሳይቆይ አንድ ተጠቃሚ ኢሹ ከፈተ። ከፓይፒአይ ሳይሆን በቀጥታ ከጊት ነው የሚጭነው፤ አድራሻውን ወደ አዲሱ ቀይሮ ፒፕ «የሚጫን ነገር አላገኘሁም» ብሎታል። ፓኬጁ አሁን ሥሩ ላይ ስላልሆነ አድራሻው ጫፍ ላይ «ሰብዳይሬክተሪ» ብሎ ፎልደሩን መጥቀስ አለበት። መለስኩለት፣ ሪድሚ ላይም ጨመርኩት። የቀረው የኮንዳ (ሌላ የፓኬጅ ጫኝ ነው) ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰው የኮዱን ምንጭ አድራሻ እንዲቀይር መንገር ነው፤ ነገ እጽፍለታለሁ።